ደባሱ የጠየቀው ካሳ

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደባሱ ግትር ሰው ነበር። ሌላው ለሥራው በቅሎ ሲለምን እሱ ብስክሌት ካልተሰጠኝ ብሎ ጨቅጭቆ አስመጣ። የላሊበላን ዳገት የሚያውቅ ሁሉ ሳቀበት። «ቁልቁል እሱ ይሸከምሃል፣ ሽቅብ አንተ ትሸከመዋለህ!» አሉት። እውነታቸውን ነው። ግን መድኃኒቱን አስሮ በነአኩቶ ለአብ ገዳም በኩል ቁልቁል ሲለቀው የትኛውም በቅሎ አይደርስበትም፤ በዚያ ብስክሌት የተረፈ በሽተኛ ብዙ ነው።

ጊዜው ድርቅና ጦርነት የተደራረቡበት የደርግ ዘመን ነው። የወታደርና የእህል መኪና መንገዱን የአባቱ ርስት አድርጎት ነበር። ሹፌሮቹ አህያ ገጭተው አይቆሙም፤ ሰው ገጭተውም አይቆሙም። «ለግዳጅ ነው» ካሉ ጠያቂ የላቸውም።

አንድ ቅዳሜ ደባሱ ሚስቱን ብርቅዬን አፈናጦ ከገበያ ሲመለስ፣ ከመታጠፊያው አንድ ካሚዮን ክላክስ እንኳ ሳይነፋ ደረሰባቸው። ደባሱን ገደሉ አፋፍ ላይ ወረወረው። ብርቅዬን የኋላ ጎማው አገኛት። የአገሩን ቁስል ሁሉ ሲያስር የኖረ እጅ የሚስቱን ጭንቅላት መሰብሰብ አቃተው፤ ነጠላዋን አልብሷት አጠገቧ ቁጭ አለ።

ሹፌሩ ከፋለ የዚያው አገር፣ የኩልመስክ ከተማ ልጅ ነበርና ዘመዶቹ ሽማግሌ ላኩ። ቄስ ዘውገ መስቀላቸውን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ደም በደም አይታጠብም። ካሳህን ተቀበልና ታረቅ።»

«ካሳማ እፈልጋለሁ አባ። ብርም ከብትም ይቅርብኝ፣ ሕግ ይውጣልኝ።»

«የምን ሕግ?»

«መኪና ብስክሌትና እግረኛ ሲያይ እንዲያዘግም፣ ዳሩን እንዲለቅ፣ የገጨም እንዲቆም። ይህን ሲያወጡልኝ ያን ጊዜ ብርቅዬን ቀበርኳት እላለሁ። እርስዎም ያስታርቁኛል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ስንት ደም አድርቀዋል፤ ሕግ በካሳ የጠየቀ ሰው ግን ገጥሟቸው አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ደባሱ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እጁን ያወጣል። ስለ ምርት ዘመቻ ሲወራ እሱ ስለ ብስክሌት ይናገራል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ምናለ አብሮ አደጉና የሠርጉ ሚዜ ነበር።

«ጓድ ደባሱ፣ አገር እየነደደ አንተ ስለ ጎማ ታወራለህ?» አለው።

«የኔ አገር ጎማ ሥር ቀርታለች!»

አንድ ቀን ከአውራጃው የመጣው ካድሬ ንግግሩ ሲቋረጥበት ተናደደ። ታጣቂዎቹ ደባሱን ከአዳራሹ አውጥተው በሰደፍ የፊት ጥርሱን አረገፉት። በሚቀጥለው ስብሰባ እየተኮላተፈ ያንኑ ደገመው። ይሄኔ ሰው መሳቁን ተወ። ልጁ የተገጨበት፣ አህያው የተደፈጠጠበት ሁሉ ከኋላው ቆመ።

በገበያ ቀን የከፋለ መኪና በሰው ተጨናንቆ ሲቆም ደባሱ ደረሰ። የጋቢውን ጫፍ ከበሩ እጀታ ጋር ጠበቅ አድርጎ ቋጠረና «በቁራኛ ይዤሃለሁ! አሁን ዳኛ ፊት!» አለው። በላስታ ቁራኛ ቀልድ አይደለም። ልብሱ ከባላጋራው ልብስ የተቋጠረ ሰው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ አይፈታም። ደባሱ ግን የቋጠረው ከመኪና በር ጋር ነው፤ ብረት ደግሞ ቁራኛ አያውቅም።

ከፋለ ማርሽ አስገባ። ያ ጋቢ መቀደድ ሲገባው አልተቀደደም። ሰው እየተበተነ፣ ደባሱ እየተጎተተ ገበያውን አቋረጡ። ክንዱ ጎማው ሥር ገብቶ ከክርኑ በታች ተፈጨ። ሕዝቡ ድንጋይ አነሳ። መስታወቱ ረገፈ፣ መኪናው ከካብ ጋር ተላትሞ ቆመ፣ ከፋለ በጸጉሩ ተጎትቶ ወረደ። በዱላም በድንጋይም ቀጠቀጡት። አንድ ዓይኑ ፈሰሰ። ሊጨርሱት ሲሉ ደባሱ ደሙ እየፈሰሰ ካፈሩ ቀና አለና ጮኸ።

«በሕግ አምላክ!»

ዱላው ሁሉ በተነሳበት ቀረ። በሕግ አምላክ ተብሎ እጁን የማይሰበስብ የላስታ ሰው የለም። ከፋለም ተረፈ። ምነው ባልጮኸ የሚሉ ዛሬም አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ደባሱ ክንዱ ተቆርጦ በተኛበት ምናለ ሊጠይቀው መጣ። ጠያቂው ራሱ ሲያዩት ያሳዝናል፤ የሚያይበት ጠፍቶት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ሕግ ወጣ» አለ ምናለ።

«እውነትህን ነው? ምን ይላል?»

«ከእንግዲህ በመኪና መንገድ ብስክሌት መንዳት ክልክል ነው። አደጋውን የሚያመጣው ብስክሌቱ ነው ተብሎ ተወሰነ።»

«አንተም እጅህን አወጣህ?»

«ሁሉም አወጣ።»

ደባሱ በቀረው እጁ ተደግፎ ቀና አለ።

«ያን ቀን ብስክሌቱን የነዳሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ አንተ ሚዜዬ ነህ፣ የብርቅዬ ቤተሰቦች ዘንድ ሽማግሌ ይዘህ ሂድልኝ። ገዳይዋ ተገኝቷል፣ ባሏ ነው፣ ታረቁት ብሏል በላቸው።»

ይህን ብሎ ደባሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።