ገዢ በሚለው መስመር ላይ

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ለጉራ አይደለም፤ ጣጣ ያመጣብኝ እሱ ስለሆነ ነው የምናገረው። ሆሳዕና ውስጥ ሃያ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። በሰፈራችን ቤት የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ወደ ውልና ማስረጃ ከመሄዱ በፊት የመንደሩን ውል የሚያስጽፈው እኔን ነው። እቤታቸው ሀዲይኛ ሲያወሩ የሚውሉት ሽማግሌዎች «መምህር ይጻፈው፣ እሱ ነገር አያበላሽም» ይላሉ። ስንቱ በኔ እጅ ባለቤት ሆኗል። እኔ አርባ አራት ዓመት ሞልቶኝ ከሚስቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የሰው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ተከራይቼ እኖራለሁ።

እንግዳ ሲመጣ ሚስቴን «ባለቤቴ ናት» ብዬ ሳስተዋውቅ እሷ ፈገግ ብላ «የየትኛው ቤት?» ትላለች። እንግዳው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሆዴ ግን አይስቅም።

ቀናተኛ ሰው ነኝ። በሹመት አልቀናም፣ በመኪና አልቀናም። በቤት ግን እንጃልኝ። በጊምቢቹ መንገድ በባጃጅ ሳልፍ አዲስ ቆርቆሮ ካየሁ አንገቴ እስኪቀጭ እዞራለሁ። ማን ነው የሠራው? ስንት ዓመቱ ነው? ሾፌሮቹ መልስ አያጡም፤ «ልጁ ደቡብ አፍሪካ ነው» ይሉኛል። ለዘመድ ለቅሶ ሺንሺቾ ድረስ ሄጄም የሰማሁት ይህንኑ ነው። ልጁ እዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ይውላል፤ እዚህ ቤቱ መጋረጃ ሳይሰቀልበት ተቆልፎ ይቀመጣል። ቦታ የሚሸጥ ሁሉ ታዲያ ዋጋ የሚጠራው ለነሱ ኪስ ነው፤ የመምህር ደመወዝ ማን ትዝ ይለዋል? እኛ መምህራን በማህበር ተደራጁ ተብለን ተደራጅተን ነበር። ተደራጅተን ቀረን።

ያለፈው ዓመት መስከረም ላይ አከራያችን አስጠሩኝ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። «መምህር፣ እኔ ልጆቼ ጋ ልሄድ ነው፣ ግቢውን ልሸጠው ነው» አሉኝ። «አሥራ አንድ ዓመት ኖረህበታል። ለሌላ ሰው ከማውራቴ በፊት ላንተ ልንገርህ ብዬ ነው። ሁለት ወር እጠብቅሃለሁ።» እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ያን ቀን ሚስቴ ትልቁን ቤት በመስኮት እያየች የትኛው ክፍል የማን እንደሚሆን ስታከፋፍል ዋለች። እኔም አልከለከልኳትም።

ባንክ ሄድኩ። ብድር ክፍል ያገኘኋት ልጅ በጣም ጨዋ ናት። «ዕድሜዎ ስንት ነው ጋሼ?» አለችኝ። ነገርኳት። ኮምፒዩተሩን ነካክታ፣ «ብድሩ ጡረታ ሳይወጡ ማለቅ አለበት፤ ዓመቱ ሲያጥር ደግሞ የየወሩ ክፍያ ከደመወዝዎ ይበልጣል» አለች። አንጀቷን በልቻት ነው መሰለኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሥራ የያዘ ልጅ ካለዎት በሱ ስም ቢሞክሩስ» አለችኝ። የመጀመሪያ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሃያ አምስት ዓመቴ እዚያው ባንክ ሄጄ ጀማሪ ነህ፣ ደመወዝህ አይደርስም ብለው መልሰውኛል። አሁን ደግሞ አርጅተሃል ተባልኩ። መሄድ የነበረብኝ በመሀል ባለው በየትኛው ዓመት እንደነበር እስካሁን አልገባኝም።

ሁለቱ ወር አለቀ፤ ገዢ መጣ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያስተማርኩት ልጅ። አሥረኛ ክፍል ሳለ ኋላ ወንበር ተቀምጦ በመስኮት ውጭ ውጭውን የሚያይ፣ ድርሰት ጻፍ ሲባል ሦስት መስመር ጽፎ የሚያስረክብ። አንድ ሰኞ ቀረ፤ በየብስ ደቡብ አፍሪካ ሄደ አሉ። አሁን ሲያየኝ «ቲቸር» ብሎ አቀፈኝ። በመንገድ ላይ ያየውን መከራ፣ ሱቁን ስንቴ እንደዘረፉት ሰው ነግሮኛል። ላዝንለት ይገባኝ ነበር። አላዘንኩለትም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው የሚለው ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለሰው።

ውሉን እንድጽፍ የጠየቁኝ አከራዬ ናቸው። እንቢ ማለት ይቻል ነበር፤ ግን እንቢ ስል ቅናቴ እንዳይታወቅብኝ ፈራሁ። ሳሎናቸው ውስጥ ተቀመጥን። ሦስት ሽማግሌዎች ለምስክርነት፣ እሳቸው፣ ልጁና እኔ ነበርን። የብርቱካን ለስላሳ ቀረበ። ያንን ግቢ ከሻጯም ከገዢውም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩና አዋሳኙን ማንንም ሳልጠይቅ ጻፍኩ፦ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ የጎረቤት እንሰት። ቋሚ ተክል የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። አቮካዶውን የተከልኩት እኔ ነኝ፣ በገባን ዓመት። ይሄ አይሸጥም ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ አፈርኩ። «አንድ እግር ፍሬ የሚሰጥ አቮካዶ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ «ገዢ» ብዬ ስም አስከተልኩ። ፊደሎቹ እንደወትሮው ቀጥ ብለው ተሰለፉ። ወረቀቱን ለልጁ ሰጠሁትና «አንብብና ፈርም» አልኩት። እንደ ድሮው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አነበበ። ታች ሲደርስ ቆመ። አየኝ። ወረቀቱን አየና እንደገና አየኝ። ምን ሆነ ብዬ ተንጠራርቼ ሳይ፣ ገዢ በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው፤ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ።

ያን ሁሉ ውል ስጽፍ አንዲት ፊደል ሰርዤ አላውቅም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ምነው፣ የጎደለ ነገር አለ?» ብለው መነጽራቸውን ማውጣት ጀመሩ። ልጁ እጁን ወደ ለስላሳው ዘረጋ፣ ብርጭቆውን ገፋው፣ ብርቱካኑ ወረቀቱ ላይ ተደፋ። «ይቅርታ ቲቸር፣ አበላሸሁብዎት። ሌላ ይጽፉልኛል?» አለ። ሽማግሌው «ይሄ ልጅ ድሮም ቀልቃላ ነው» ብለው ተቆጡት። አንገቱን ደፍቶ ቁጣቸውን ተቀበለ።

ሰው እንዲህ ሲደረግለት ያመሰግናል። እኔ ግን ይባስ ብዬ በጨዋነቱም ቀናሁበት። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ጮክ ብዬ ነበር የማነበው። አዲስ ወረቀት ወስጄ ከላይ እስከ ታች ደግሜ ጻፍኩ። አቮካዶውንም ደግሜ ሸጥኩት። ሲፈራረሙ ሽማግሌዎቹ ቤቱን መረቁ፤ እኔም አሜን አልኩ፣ ከአፍ።

ልጁ ግቢ ውስጥ ብቻዬን አገኘኝ። «ቲቸር፣ እኔ በወሩ መጨረሻ እመለሳለሁ። እናንተ የትም እንዳትሄዱ፣ ኪራዩም ባለበት ይሁን። ትልቁን ቤት አልፎ አልፎ መስኮት ከከፈቱልኝ ይበቃኛል። እንደ ቤትዎ ይዩት።» «እንደ» የምትባለውን ቃል ለስንት ክፍል እንዳስተማርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አመሰገንኩት። ለቅቄ ልወጣ ደላላ ይዤ ሁለት ሳምንት ዞሬ ነበር፤ የኪራይ ዋጋ ሰምቼ ተመለስኩ። ሚስቴ «ኩራትህን የት ልታሳድረው ነው?» አለችኝ።

ትልቁ ቤት እነሆ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ባዶ ነው። እኛ አራታችን ሰርቪሱ ውስጥ ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፉን ይዤ እገባለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ። አንዳንዴ ሳሎኑ መሀል ቆሜ ሶፋው የት ቢሆን እንደሚያምር አስባለሁ። ማንም አያየኝም።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ቆሜ ሳለ በቪዲዮ ደወለ። «ሳሎኑን ያሳዩኝ ቲቸር» አለ። ስልኩን ይዤ ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ በመስኮት የሚታየውን አቮካዶ አሳየሁት። እሱ ሱቁ ውስጥ ነው፤ ከፊቱ ከታች እስከ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። በፍርግርጉ የገባ እጅ ላይ ዳቦ አስቀመጠና ወደኔ ተመለሰ። «እኔ እኮ አንድ ቀን አላደርኩበትም» አለ። «እርስዎ ግን ታድለው። ከልጆችዎ ጋር እዚያው ግቢ ይነጋልዎታል። እውነቴን ነው ቲቸር፣ እቀናብዎታለሁ።»

ደሜ ፈላ። ቤቱን ወሰደ፣ ጨዋነቱን ለብቻው ያዘ፤ የቀረችኝን አንዲት ቅናት ደግሞ ሊሻማኝ መጣ። «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ አልሰማህም» አልኩትና ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።