ዕንባቆም የደረሰበት ቅርጫት

ገነቴ አንድ ጥያቄ ከያዛት እህል ውሃም አያሰኛት። በሆሳዕና ከተማ ባለው ኮሌጅ አብረናት የምንሠራ ሰዎች ይህን ጠንቅቀን ስለምናውቅ «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» ስትል ሥራ የበዛብን መስለን እንበታተናለን። እኔ ግን የት እሄዳለሁ? የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፤ የእሷ ንብረት ክፍል ደግሞ ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው። ኳሱን፣ ማልያውን፣ አካፋውን፣ መጥረጊያውን የምታወጣና የምትረከብ እሷ ናት። ሥራ ከሌላት ወንበሯን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች።

ትውልዷ አንጋጫ ነው፣ ከምባታ ናት። ባሏ ዕንባቆም የሌሞ ሀዲያ ነው። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ ይሰማሉ፤ ቤታቸው ውስጥ የሚነጋገሩት ግን በአማርኛ ነው። ምክንያቱን አንድ ቀን ብጠይቃት «በእሱ ቋንቋ ከተጣላን እሱ ይረታል፣ በእኔ ከተጣላን እኔ እረታለሁ፤ በአማርኛ ሁለታችንም እኩል እንሳሳታለን» አለችኝ።

ዕንባቆም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰው የማያስቀይም። በመምህርነቱ ያወቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከተማው የሚያውቀው በአንድ ዝላይ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ለኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲጫወት፣ ከሌላ ከተማ በመጣ ቡድን ላይ ዘሎ ኳሱን በሁለት እጁ ከላይ ወደ ታች ቅርጫቱ ውስጥ ከተተው። ዳንክ አደረገ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሆሳዕና ዳንክ የሚባለውን ያየው በቪዲዮ ቤት ብቻ ነበር። ሰው ሜዳውን ወረረው፣ ዕንባቆምን ተሸክመው እስከ ገበያው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቡድን ስንቱ ጎበዝ አለፈ፤ ዳንክ ያደረገ ግን የለም።

ገነቴ ያን ዕለት አዲስ ገቢ ተማሪ ነበረች፤ በድንጋዩ አጥር ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። «የወደድኩት ያኔ ነው» ትላለች፣ ሳታፍር፣ ሰው ፊት።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ኮሌጁ ጨዋታ ሲኖረው የድሮ ሰዎች ይመጣሉ። ለዕንባቆም ከፊት አንድ ወንበር ይተውለታል። ከጎኑ የሚቀመጠው አክሊሉ የሚባል፣ በዚያው ዘመን ተጠባባቂ የነበረ፣ አሁን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ሰው ነው። አክሊሉ ጨዋታ ለማየት አይመጣም፤ ለማነጻጸር ነው የሚመጣው። የዛሬው ልጅ ኳስ ካሳለፈ «የድሮዎቹ ሳያዩ ነበር የሚያሳልፉት» ይላል። ከሩቅ ካስቆጠረ «ሲጠጋ ስለሚፈራ ነው» ይላል። «እኛ ቆጮ በልተን ነው ያደግነው፤ እነዚህ ፓስታ!» ይልና ሁሉም ይስቃል። ዕንባቆም ምንም አይናገርም፣ ግን ፈገግ ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔን ያ ፈገግታ ያናድደኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሱራፌል መጣ። የቦኖሻ ልጅ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ዓይን አፋር። ሜዳ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው፤ እንደ እሱ ያለ ተጫዋች ኮሌጃችን ካገኘ ቆይቷል። ጥፋቱ መርዘሙ ነበር። ገና በመጀመሪያው ጨዋታ አክሊሉ ተነሥቶ «አሁን እንግዲህ ዕንባቆም ተገኘ!» አለ። ከዚያ በኋላ ልጁ ቅርጫቱ ሥር ኳስ በያዘ ቁጥር ተመልካቹ «ዕንባቆም! ዕንባቆም!» እያለ ይጮኻል፤ ዳንክ አድርግ ማለቱ ነው። ሱራፌል ይዘላል፣ ጣቱ ብረቱን ይነካል፣ ኳሱ ተመልሶ ይወጣል። ሰው «ኤዲያ!» ይላል። እንደ ማንም በቀላሉ ማስቆጠር ሲችል ለዚያ ጩኸት ሲል ይዘላል፤ ዘሎ ሲወርድ ክብደቱ ሁሉ አንድ ጉልበቱ ላይ ያርፋል። አሰልጣኙ ቢቆጣው፣ ቢለምነው አልሰማም። ጉልበቱ አብጦ ማነከስ ጀመረ።

አንድ ሰኞ ማልያውንና ጫማውን አጣጥፎ ይዞ ንብረት ክፍል መጣ።

«እትዬ ገነቴ፣ ይረከቡኝ» አላት። «ወደ ቤቴ ልሄድ ነው። ትምህርቱንም ሌላ ቦታ እሞክራለሁ።»

«ለምን?»

«ሰው በሄድኩበት ሁሉ ይስቅብኛል። ካፌ ስገባ፣ ባጃጅ ስሳፈር። ቲቸር ዕንባቆምን መሆን አልቻልኩም።»

ገነቴ ማልያውን አልተቀበለችም። «ንብረት ክፍል እስከሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ዝግ ነው» አለችው፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ቆማ። ልጁ ግራ ገብቶት ሲያያት «ይልቅ እጅህን ወደ ላይ ዘርጋና ግድግዳው ላይ አስጠጋ» አለችው። ጣቱ የደረሰበትን በጠመኔ ምልክት አደረገች፤ ከወለሉ እስከ ምልክቱ ሲባጎ ለክታ ቆረጠች። ያን ሲባጎ ቤቷ ወስዳ ዕንባቆምን «መጋረጃ ልሰቅል ነው፣ እስቲ እጅህን ዘርጋልኝ» አለችው። በማግስቱ ወንበሯን ይዛ መጣች።

«ኤልያስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂ» አልኩ፤ ማምለጫ የለኝም።

«ልጁ ከባሌ በስንዝር ይበልጣል። አዘላለሉንም አይቻለሁ፤ የዕንባቆምንም አይቻለሁ፤ ዓይኔ እስከ ዛሬ ደህና ነው። ልጁ ይበልጥ ይዘላል። ታዲያ ባሌ የደረሰበት ላይ ለምን አይደርስም? ባሌ ፌንጣ ነበር እንዴ?»

«የድሮ ሰው ብርታት ሌላ ነው» አልኳት፣ ዝም ትል እንደሆነ ብዬ። የአክሊሉን ቃል መድገሜ ነበር።

ዝም አላለችም። ከንብረት ክፍሉ ጀርባ የድሮው ሜዳ አለ፤ ዕንባቆም የተጫወተው በዚያ ነው። ዛሬ ሣር በቅሎበት ሰው ልብስ ያሰጣበታል። ከዚያ ዝላይ በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ የሲሚንቶ ሜዳ ሲሠራ ይሄኛው ተተወ፤ አንደኛው ምሰሶ ግን ከነቅርጫቱ ዝጎ ቆሟል። ገነቴ በንብረት ክፍሉ የኋላ በር ወጥታ ያን ስታይ ዋለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ እግሯ ሥር ወረደ።

«ኤልያስ፣ ና እስቲ። ይሄ በር ዱሮ ደረጃ አልነበረውም?»

ነበረው። እኔ ከእሷ ጥቂት ዓመት ቀድሜ ተማሪ ሳለሁ እዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሻይ እንጠጣ ነበር። አሁን በሩ ከመሬቱ ጋር እኩል ነው።

«ደረጃው ወዴት ሄደ?» አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። የዚያ ዘመን የኮሌጁ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ልማድ ነበር፤ «ሜዳ ማልበስ» እንለዋለን። የሆሳዕና ክረምት ሜዳውን ጭቃ ያደርገዋል፣ ይልቁንም ተጫዋቹ የሚረግጠውን የቅርጫቱን ሥር። ስለዚህ መስከረም ላይ አዲስ ገቢ ተማሪ ሁሉ አንድ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ገረጋንቲ፣ መንገድ የሚለብሰውን ቀይ ጠጠራማ አፈር፣ ተሸክሞ ይመጣል፤ ይደፋል፣ ይረገጣል፣ ይዘፈናል። እኔም ተሸክሜያለሁ፣ ገነቴም ተሸክማለች። በየዓመቱ፣ በዚያው ቦታ ላይ። መሬቱን ከፍ ስናደርግ ምሰሶውን ከፍ ያደረገ ሰው ግን አልነበረም።

አካፋ ከእሷ ክፍል አወጣችና ምሰሶው ሥር ቆፈርን። ቀይ ገረጋንቲ፣ ከሥሩም ቀይ ገረጋንቲ። በመጨረሻ አካፋው ሲሚንቶ መታ፤ ምሰሶው ሲተከል ከመሬቱ እኩል የተሞላው መሠረት ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ስትቆም አፈሩ ጉልበቷን አልፎ ነበር።

ደስ ብሏት ሳቀች፤ መልስ ያገኘ ሰው ሳቅ ነው። ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄን ብናገር ዕንባቆም ምን ይቀረዋል?» አለች።

«አትናገሪ» አልኳት። «ሠላሳ ዓመት የኖረበት ስም ነው። በገዛ ሚስቱ አፍ ሊቀበር ነው?»

«ልጁስ?»

«ልጁ ወጣት ነው፣ ይረሳዋል።»

«ጉልበት አይረሳም» አለችኝ። ተቆጥታ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ምሳ ሲበሉ ነገረችው። ያወራችልኝ እሷው ናት። ዕንባቆም እጁን ከትሪው አነሣ።

«ማን ቆፍሪ አለሽ?»

«ማንም። ማወቅ ፈለግኩ።»

«ሠላሳ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ነው ማወቅ ያማረሽ?»

ስለ ሱራፌል ነገረችው፤ ልጁ ሊሄድ እንደሆነ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ካፌው ሳቅ። «ነገሩ ያንተ ነው» አለችው። «ካልፈቀድክ ከእኔ አፍ አይወጣም። ኤልያስንም ዝም አሰኘዋለሁ።» ዕንባቆም ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልሰጣትም። ረቡዕ ንብረት ክፍል ስገባ ከማልያዎቹ መደርደሪያ ኋላ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። «ይቺ ጥያቄዬ ቤቴን ልታፈርሰው ነው» አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ልላት ጀምሬ ተውኩት፤ ተረት የምትሰማበት ቀን አልነበረም።

ቅዳሜ ደረሰ። ሱራፌል ለመጨረሻ ጊዜ እጫወታለሁ ብሎ ገባ፤ ቦርሳውን ግን አሽጎ ከሜዳው ዳር አስቀምጦታል። የዕንባቆም ወንበር ባዶ ነበር። ገነቴ በየደቂቃው ወደ በሩ ታያለች። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ልጁ ብቻውን ቅርጫቱ ሥር ኳስ አገኘ። «ዕንባቆም! ዕንባቆም!» ተጀመረ፤ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው አክሊሉ ነው። ሱራፌል ቅርጫቱን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ ኳሱን መሬት ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወደ ቦርሳው ሄደ።

«አንተ ልጅ! ና ወዲህ!»

ዕንባቆም ነበር። ከንብረት ክፍሉ ጀርባ መጣ፤ አካፋ በትከሻው፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ቀይ አፈር። ያን ዝምተኛ ሰው እንዲያ ሲጣራ ሰምቼው አላውቅም። «እናንተም ሁላችሁ ኑ» አለን። ዳኛው ፊሽካውን እንደያዘ ተከተለው።

የምሰሶውን አንድ ጎን ከጠዋት ጀምሮ ሲቆፍር ውሎ እስከ ሲሚንቶው ድረስ አጋልጦታል። ሌላውን ጎን አልነካውም። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ቆመና «መሬቱ እዚህ ነበር» አለ። ወደ ላይ ወጣና «እኔ የዘለልኩት ከዚህ ነው። ያለበስነው እኛ ነን፤ እኔም ተሸክሜያለሁ፣ አክሊሉም ተሸክሟል። ሱራፌል፣ እኔ በቆምኩበት ቁምና ዝለል። አንድ ጊዜ ብቻ፤ በደህናው እግርህ ውረድ» አለ።

ልጁ ኳስ ተቀበለ። ሁለት እርምጃ ተንደረደረና ተነሣ፤ ኳሱን እንደ ዕቃ ነው ከላይ ያስቀመጠው። የዛገው ብሎን አልቻለውም፣ ቅርጫቱ ተነቅሎ ከነኳሱ አብሮት ወረደ። ሱራፌል ብረቱን ይዞ፣ ንብረት ያጠፋ ሰው መስሎ ወደ ገነቴ ያያል።

«ድሮ እኮ ብረቱም ጠንካራ ነበር!» አለ አክሊሉ።

መጀመሪያ የሳቀው ዕንባቆም ነው። እስኪያስለው ሳቀ፤ ከዚያ አጨበጨበ፣ ከዚያ ሁላችንም። ሱራፌልን አንገቱን አቅፎ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ነገረው። ምን እንዳለው ገነቴ እንኳ እስከ ዛሬ አላወቀችም፤ ይህም ያበሳጫታል። ልጁ ብቻ ቦርሳውን ለጓደኛው ሰጥቶ ወደ ሜዳው ተመለሰ፤ የቀረውን ጨዋታ ሳይዘል አስቆጠረ፣ የጮኸበትም የለም።

አመሻሽ ላይ ሦስታችን ወደ ቤት ስንሄድ ዕንባቆም፣ እኔ የሌለሁ ያህል፣ ሚስቱን ጠየቃት።

«ገነቴ፣ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ጠያቂ? እኔም አንድ ልጠይቅሽ። ያን ቀን ቅርጫቱ በልኩ ቢሆን፣ ብስተው፣ ታገቢኝ ነበር?»

ሌላ ሴት ብትሆን «እንዴታ!» ትል ነበር። ገነቴ ግን ቆማ አሰበች። ጋሪ አለፈን፣ ባጃጅ አለፈን፣ እሷ ገና ታስባለች። ለእሱ ስል እኔ ልዋሽለት ምንም አልቀረኝም።

«የዚያን ቀኑን እንጃ» አለች በመጨረሻ። «በዛሬው ግን አገባህ ነበር።»

ዕንባቆም አካፋውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ እጇን ያዘ። በእኛ ከተማ በዚያ ዕድሜ ያሉ ባልና ሚስት በአደባባይ እጅ ለእጅ ተያይዘው አይሄዱምና፣ መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያያቸው ነበር። አልተላቀቁም።