የሦስተኛው መደብ አፈር

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተራራው አናት የሚመጣውን አፈር ስትነፋ ስለኖረች «እትዬ ወንፊት» ይሏታል፤ እሷም አቤት ትላለች። ሥራዋ ለሚያየው ቀላል ነው። ከረጢቱን ትከፍታለች፣ አፈሩን ትሪ ላይ ትዘረጋለች፣ ጠጠሩን ትለቅማለች፣ ፀጉር የሚያህለውን ሥር በወረንጦ እያነሳች ለብቻው ታስቀምጣለች። ከዚያ ነፍታና መዝና ቅጹ ላይ ትፈርማለች። እሷ ያልፈረመችበት አፈር ወደ ምርመራ ክፍል አይገባም። ባሏ በሞተ ሰሞን እንኳ ከሥራ የቀረችው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ እርጥብ አፈር ከቆየ ይበላሻል ብላ መጣች።

ተራራው ላይ ስድስት መደቦች አሉ። ሦስቱ እንዲሁ ክፍት ናቸው። ሦስቱ ጣሪያ በሌለውና ወገብ በሚደርስ የፕላስቲክ አጥር ተከበዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ውስጣቸው ይሞቃል። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ አፈሩና ዕፅዋቱ ምን እንደሚሆኑ አስቀድሞ ለማየት ነው። እሷ መልሱን ከማሽኑ በፊት በጣቷ አውቃዋለች። በብርዱ ሳይበሰብስ ለዘመናት የተከማቸው ቅጠልና ሥር ሙቀት ሲያገኝ ቶሎ ይብላላል፤ ውስጡ የነበረው ናይትሮጅን ይለቀቃል። መጀመሪያ ረጅሙ ሣር ይጠግብበትና መሬት ላይ ተለጥፈው የሚያብቡትን ትንንሽ አበቦች ጋርዶ ያመነምናቸዋል። የተረፈውን ዝናብ አጥቦት ይወርዳል። ድሮ ጥቁርና እንደ ስፖንጅ ያበጠ የነበረው አፈር አሁን አመድ መስሎ በጣቶቿ መሃል ይፈሳል። ባሸችው ቁጥር ያንገሸግሻታል።

ሦስተኛው መደብ ግን እምቢ አለ። አጥር ካላቸው አንዱ ሆኖ ሳለ ናይትሮጅኑ በዓመት በዓመቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ሣሩም ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ፋፍቷል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፎቶውን አስነስቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ሙቀት ለተራራው ሲሳይ ነው የሚል ጽሑፍም ሊያሳትም ነው።

ናሙናው ሁልጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ይሰነብት ነበር። አንድ ቀን ፍሪጁ ተበላሸና የሦስተኛውን መደብ ከረጢት በመጣበት ሰዓት ከፈተችው። ክርፋቱ አፍንጫዋን ሲመታት ወደ ኋላ አለች። አፈሩን ከተራራው ቆፍሮ ያመጣ የነበረው ሠራተኛ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ማለትም ላለፉት ሦስት ዓመታት፣ ናሙና የሚያመጣው ሾፌሩ ነው። ጠራችው።

«አንተ! ይሄን መደብ ምን አደረግኸው?»

«ምን አደርገዋለሁ? ቆፈርኩት ነዋ።»

«ከመቆፈርህ በፊት!»

ሾፌሩ ጫማውን አየ። «እትዬ፣ የላዩን ንፋስ ታውቂው የለም እንዴ? ጆሮ ይቆርጣል። ሦስተኛው ለመንገዱ ይቀርባል፤ ውስጡም ሞቅ ይላል...»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ሁልጊዜማ አይደለም። ሻይ ከጠጣሁ ነው።»

«ሻይ ሳትጠጣ የወጣህበት ቀን አለ?»

ትንሽ አሰበና «ኧረ የለም» አለ።

«ወይ ጉዴ! እኔ እኮ በእጄ ነው የማሸው!»

«እኔ ደግሞ ሣሩ ሲያምር ጊዜ ሳይንሱ መስሎኝ...»

«ውጣልኝ!»

እጇን ሦስቴ በሳሙና ታጠበች። ከዚያ ትሪውን እንዳለ ይዛ ኃላፊው ቢሮ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ያሽትቱት።»

ኃላፊው አሸተተና ፊቱን አዞረ። የሆነውን ስትነግረው ግን አልደነገጠም፤ መስኮቱን ከፍቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ናይትሮጅን ናይትሮጅን ነው። ሣሩ እንደሆነ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።»

«አጥር ያላቸው ሌሎቹ ሁለቱ መደቦችስ? እየተራቆቱ ነው እኮ!»

«እነሱ የተበላሹ ናቸው ብለን ከጽሑፉ አውጥተናቸዋል።»

ከዚህ ጋር ሲተያይ የትሪው ክርፋት ምንም አልነበረም። «ሾፌሩ ያልሸናባቸው ናቸው የተበላሹት?» አለችው።

«ጽሑፉ ሐሙስ ይወጣል። ይፈርሙና ሥራዎን ይቀጥሉ። ለጡረታ ስንት ወር ቀረዎት?»

«ሰባት።»

«ታዲያ ምን አደከመዎት?»

ቅጹን ሳበችና በትልልቅ ፊደል «ሽንት አለበት፤ ያለፉት ሦስት ዓመታትም እንዲሁ» ብላ በሁለት ቅጂ ጽፋ ፈረመች። አንዱን ቅጂ እሱ ፊት ትታ ሁለተኛውን ራሷ ወደ ምርመራ ክፍል ይዛ ወጣች።

«ሰባቱን ወር ቤትዎ ነው የሚጨርሱት!» አለ ከኋላዋ።

«የእገዳው ደብዳቤ እስኪደርሰኝ ናሙናውን እኔው አመጣለሁ» አለች።

በማግስቱ የሚያማት ጉልበቷን ይዛ ከሾፌሩ ጋር ወጣች። ከመኪናው ሲወርዱ ሦስተኛው መደብ ከሩቅ ያብረቀርቅ ነበር። ሣሩን በሁለት እጇ ፈልቀቅ አደረገችው፤ ሥሩ ቢጫና ሙልጭልጭ ያለ ብስባሽ ነው፤ አንድ አበባ የለም። ሾፌሩ ቀና ብሎ ሊያያት አፍሮ፣ ከእንግዲህ ለናሙና የማይሆነውን የመደቡን አጥር ካስማ ይነቅል ጀመር።

እሷ አጥር ካላቸው ወደ አንዱ፣ ወደ አምስተኛው መደብ አለፈች። በድሮው ጊዜ በየመደቡ ጡጫ የሚያህል፣ ድርብብ ያለ የአበባ ጉብታ ነበር። እዚህ አንድ ቀርቶ አገኘች። ጎንበስ ብላ ስትነካው ቡናማው ጉብታ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነስቶ እጇ ላይ ቀረ። ከሥሩ ያለው አፈር ጠጠር ብቻ ነው።

ሾፌሩ ደርሶ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ አየ። «እትዬ ሙች፣ ይሄንንስ እኔ አልነካሁትም።»

«አውቃለሁ» አለችና ከረጢቱን ከፈተች።