ጋሼ ሳህሌና የእድሩ ገንዘብ

ፀሐይነሽ አሜሪካ፣ ደንዉዲ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ስለ አክሲዮን ገበያ የምታውቀው ነገር ቢኖር በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዟ እየተቆረጠ የሚገባላትን የጡረታ ቁጠባ ብቻ ነው። ሥራ ስትጀምር ፎርም ያስሞላቻት ሴትዮ፣ "የትኛው ኩባንያ እንደሚያድግ ማንም አያውቅም፤ ከአምስት መቶ ትልልቅ ኩባንያዎች ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይኑርሽ" ብላ ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ አስገባቻት። ፀሐይነሽ ከዚያ ወዲህ ነክታው አታውቅም።

ባለፈው ዓመት የእድራቸው ኦዲተር ሆና ተመረጠች። የእድሩን ተቀማጭ አክሲዮን እየገዙበት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንቀሳቀሱት ጋሼ ሳህሌ ናቸው፤ ማሪዬታ የሚኖሩ፣ ከታክሲ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው። አክሲዮኑን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ ለዚህ ድካማቸው አምስት ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። በየዓመቱ ስብሰባ ላይ ይነሱና "ገንዘባችን አድጓል" ይላሉ። አባላቱም ያጨበጭባሉ።

እውነትም አድጎ ነበር። ስልሳ ሺህ ዶላር የነበረው ዘጠና አንድ ሺህ ደርሷል። ፀሐይነሽ ግን ወረቀቶቹን ስታገላብጥ አንድ ጥያቄ መጣባት፤ ከምን ጋር ሲወዳደር ነው ያደገው? ያው ስልሳ ሺህ በዚያው ቀን እሷ ያለችበት ፈንድ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ስንት ይሆን እንደነበር አሰላች። ከእጥፍ በላይ ሆነባት። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ አሰላችው፤ ያው ነው።

ደስ አላላትም። እናቷ አዲስ አበባ ያረፈች ጊዜ ሥራ ቦታዋ ድረስ መጥተው፣ አባብለው ወደ ቤቷ የወሰዷት ጋሼ ሳህሌ ነበሩ። እኚህን ሰው በሕዝብ ፊት እንዴት ታሳፍራለች? ስብሰባው ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ማሪዬታ ነዳች።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት።

"ይሄኛው ቁጥር የማን ነው?"

"የኢንዴክሱ ነው ጋሼ፤ የእኔ የጡረታ ቁጠባ ያለበት። ምንም ሳንመርጥ ዝም ብለን ይዘነው ቢሆን ኖሮ የምናገኘው።"

መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱ ላይ አኖሩት።

"ኮቪድ የገባ ጊዜ ሸጥኩት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ገበያው ሲወርድ ሲወርድ ደነገጥኩ። ሰዎቻችን እየታመሙ ነው፤ ነገ መቅበሪያ ብናጣስ አልኩ። ተመልሼ ልግዛ ስል ዋጋው ጥሎኝ ሄዷል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ፀሐይ። ለብዙነሽ እንኳን አልነገርኳት።"

ባለቤታቸው ብዙነሽ ማድ ቤት ሆና ሳትሰማ አልቀረችም፣ የዕቃው ኳኳታ ቆመ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ለእኛ ብለው ነው የፈሩት።"

"አንቺ አልሸጥሽም እኮ!"

"ፓስወርዱ ጠፍቶብኝ ነው!"

ጋሼ ሳህሌ አፍጥጠው አዩዋት፤ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሷም አብራቸው ሳቀች።

ቅዳሜ ዕለት ሪፖርቷን ለማንበብ ልትነሳ ስትል ጋሼ ሳህሌ ቀድመዋት ተነሱ። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ተናገሩ፤ ፈርተው መሸጣቸውንም አልደበቁም። ሊቀ መንበሩ ኢሳያስ ከመድረክ ወርዶ ትከሻቸውን ሳመ። የዚያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ሴት "ዕድሜ ይስጥዎት!" አለች፤ ጭብጨባው ተከተለ።

በዚያው ቀን ወሰኑ። ለአንድ ዓመት የቀብር ወጪ የሚበቃው ባንክ ይቀመጥ፣ የቀረው ኢንዴክስ ፈንድ ይግባ፤ ገበያው ቢወርድም ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ማንም አይሽጠው።

ወር ያህል ቆይቶ ብዙነሽ ለፀሐይነሽ ደወለችላት።

"ገበያው ሦስት ሰዓት ተኩል ሲከፈት ሳህሌ ኮምፒውተሩ ላይ ይደፋ ነበር" አለቻት። "ዘጠኝ ዓመት ቁርሴን ብቻዬን ነው የበላሁት። አሁን አብረን እንበላለን። ዛሬማ እንቁላሉን የጠበሰው እሱ ነው፤ አሳርሮታል፣ ግን በላሁለት።"