ከጋሽ ቸሩ ራስ በላይ የተሰቀለው ጫማ

ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ወሬ ከሥጋ ቤቱ ተነሥቶ ሻይ ቤቱ እስኪደርስ አግብቶ ይወልዳል፤ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ሲደርስ የልጅ ልጅ ያያል። የጫማው ወሬ ግን ገና ሲወለድ መንታ ነበር።

ጥንድ ጥቁር የወንድ ጫማ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ጫማ ሰፊው ጋሽ ቸሩ ከሚቀመጥበት ጃንጥላ ትክክል፣ ከመብራት ሽቦው ላይ በማሰሪያው ተንጠልጥሎ ተገኘ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንዱ “የሞተ ሰው ጫማ ነው፤ የወደቀ ቀን ሌላ ሰው ያስከትላል” አለ። ሌላው “ሀሺሽ እዚህ ይሸጣል ማለት ነው፤ ፊልም ላይ አይቻለሁ” ብሎ ማለ። ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ያሉም ነበሩ፤ እነሱ ዶሮ ቢያነጥስም ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ስለሚሉ ሰሚ አላገኙም። ማክሰኞ ሌሊት ከጃንጥላው ጎን ያለው የአዚዛ ሱቅ ተሰብሮ ሁለት የጋዝ ሲሊንደርና አንድ ካርቶን ዘይት ሲወሰድ ግን ወሬው ሁሉ ተጠቃልሎ አንድ ሆነ። ጫማውን የሰቀለው ሌባ ነው፤ የሚዘረፈውን ቤት ለግብረ አበሮቹ ማመልከቱ ነው።

ረቡዕ ጠዋት የሰፈሩ ጥበቃ ኮሚቴ ጃንጥላው ሥር ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ጋሽ ወልደአረጋይ ሠላሳ ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ባዶ ካርቶን እንኳ ያለ ፊርማ ሲንቀሳቀስ ካዩ ደማቸው ይፈላል።

“ባለቤት የሌለው ዕቃ የለም” አሉ። “የዚህን ባለቤት የሚያውቅ ሰው ደግሞ እዚሁ ከሥሩ ተቀምጧል።”

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ቸሩ ዞረ። እሱም ቢሆን ጥፋቱ የራሱ ነው። እዚያች ቦታ ሃያ ስድስት ዓመት ሲቀመጥ የሰፋው ጫማ ቢደረደር መስቀል አደባባይን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ የጎረረው ግን ቢደረደር ወልቂጤ፣ አገሩ ድረስ ያደርሰዋል። ድሮ አንድ ደንበኛ “ጫማዬን ቀይረህብኛል” ብሎ ካነቀው ወዲህ፣ የጠገነውን ተረከዝ ሁሉ በቀይ ክር ሦስት ጊዜ ቋጥሮ ይጨርሳል። “የእኔ ስፌት ከመታወቂያ ይበልጣል” ይላል፤ “መታወቂያ ይቀደዳል። የእኔ ስፌት ባለቤቱን ቀብሮ ይመለሳል!”

“ቢወርድልህ ታውቀዋለህ?” አሉት ጋሽ ወልደአረጋይ።

“እንኳን ወርዶ! ጨረቃ ላይ ቢሰቀል አውቀዋለሁ!”

ሰው ሳቀ። ጋሽ ቸሩ ቀና ብሎ በደንብ ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ነፋሱ ጫማውን ቀስ ብሎ አዞረው፤ ተረከዙ ላይ ቀይ ነገር ታየ። ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ ወስፌው መለሰ።

አራት ጊዜ ሶል የቀየረለት የመብርሃቶም ጫማ ነበር። እዚያው ሰፈር የምትኖረው የወይኒ ልጅ መብርሃቶም በዚያ ጫማ ሦስት ዓመት ሥራ ፈልጓል። ያ ጫማ ያልቆመበት የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ያልወጣው ፎቅ፣ “ነገ ተመለስ” ያልተባለበት ቢሮ የለም። ልጁ በስንት መከራ ደምበል አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ገባ። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ነው።

“እንግዲያው ነገ እናወርደዋለን” አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ። መብራት በፈረቃ የነበረበት ዓመት ነው፤ የሰፈሩ የመጥፊያ ተራ ሐሙስ ነበር። “ሽቦው ባዶ ይሆናል። አራት ሰዓት ላይ፣ በሕዝብ ፊት።”

“ስሙን ብቻ ስጡን” አለ አንድ ጎረምሳ። “ጣቢያ እኛ እናደርሰዋለን።” የሰፈሩ ጎረምሶች ጣቢያ ሲያደርሱ በምን መንገድ እንደሚያደርሱ ጋሽ ቸሩ ያውቃል፤ ባለፈው ዓመት አንዱን በቃሬዛ ነው ያደረሱት።

ያን ዕለት ማታ፣ ጋሽ ቸሩ መብርሃቶምን ከታክሲ ሲወርድ ጠብቆ ያዘው።

“ያ ጫማህ የት አለ?”

“የቱ?”

“አትቀልድብኝ። እላይ ያለው።”

ልጁ ሳቁ መጣ፤ የጋሽ ቸሩን ፊት ሲያይ ግን መለሰው። “በመጀመሪያ ደመወዜ አዲስ ገዛሁ። እሁድ ማታ ከሌላ ሰፈር የመጡ ጓደኞቼ ‘ሥራ መፈለጊያው ይሰቀል!’ ብለው ከእጄ ነጥቀው ወረወሩት። ማለቴ... ቀልድ ነው ጋሽ ቸሩ፣ በቃ።”

“ቀልዱን ለአዚዛ ንገራት። ሌባ ብለውሃል።”

“እኔን?”

“ባለ ጫማውን። ስምህ አልወጣም፤ ነገ አራት ሰዓት ላይ ከእኔ አፍ ይጠብቃሉ።”

መብርሃቶም አጥር ተደገፈ። “ሁለት ቀን ጣቢያ ባድር ያሰናብቱኛል። አሥር ቀን ነው የቀረኝ። እማዬ...”

“እናትህ እንዳትሰማ። ጠዋት ሥራህ ሂድ፤ በዚህ በኩልም አትለፍ።”

“አንተስ ምን ትላለህ?”

ጋሽ ቸሩ ዕቃውን ተሸክሞ መንገዱን ቀጠለ፤ የሚለውን እሱም አያውቀውም ነበር።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ለሠርግ ሁለት ሰዓት የሚያረፍዱ ሰዎች ሩብ ጉዳይ ላይ ቦታ ይዘው ነበር። ሁለት አጣና በገመድ ተቀጠለ። መብራት እንደሌለ የአምፖል ማብሪያ ተጭነው፣ ሬዲዮ ከፍተው ሦስት ጊዜ አረጋገጡ፤ እንዲያም ሆኖ አጣናውን የያዘው ሰው እጁን በላስቲክ ጠቅልሎ ነበር። ጫማው አንዴ ተወዛወዘ፣ ሁለቴ ተወዛወዘ፣ ከዚያ አቧራው ላይ ዱብ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ።

ጋሽ ወልደአረጋይ በመሐረብ አነሡትና የደንበኛ መቀመጫው ላይ አኖሩት። “እህ፣ ቸሩ?”

ጋሽ ቸሩ ገልብጦ አየው። ዝናብም ጭቃም ያላላላው፣ በዕድሜው ከሰፋቸው ስፌቶች ሁሉ የሚኮራበት ስፌት ነበር።

“የእኔ አይደለም” አለ።

“እንዴት?”

“ዝርክርክ ነው። ይህን የሰፋው እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው።”

“ቀዩ ክርስ ጋሽ ቸሩ?” አለች አዚዛ ከኋላ።

“ቀይ ክር ማንም ይገዛል።”

ጋሽ ወልደአረጋይ ጎንበስ አሉ፣ የቀኝ ጫማቸውን አወለቁ፣ በተቀደደው ካልሲያቸው አውራ ጣታቸው ብቅ እያለ፣ ጫማቸውን ከሽቦው ከወረደው ጫማ ጎን አስቀመጡት። እዚህም ሦስት ቋጠሮ፣ እዚያም ሦስት ቋጠሮ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ቆጠረ።

“ሌባውን እያወቀ ይደብቃል!” ጮኸ አንዱ። “ተካፋይ ነው!” አለ ሌላው። ጃንጥላው ተነቀለ። አንድ እጅ የጋሽ ቸሩን ኮሌታ ጨመደደ፤ ወስፌውና ማስቲሹ መሬት ላይ ተበተኑ።

“እሺ!” አለ ጋሽ ቸሩ። “ስፌቱ የእኔ ነው። ጫማውም የእኔ ነው። የሰቀልኩትም እኔው ነኝ!”

ኮሌታውን የያዘው እጅ ላላ።

“ለምን?” አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ።

“ለማስታወቂያ።”

“ለምን?”

“ሥጋ ቤት ምን ይሰቅላል?”

“ሥጋ።”

“ልብስ ሰፊስ?”

“ልብስ።”

“ታዲያ እኔ ምን ልስቀል፣ ድንች?”

ሳቁ ከኋላ ጀመረና ወደ ፊት መጣ። ጋሽ ወልደአረጋይ ብቻ አልሳቁም። “በዚህ ዕድሜህ ሽቦ ላይ ጫማ ወረወርክ?”

“አራተኛው ላይ ነው የያዘልኝ።”

“ትናንት ለምን ዝም አልክ?”

“እርስዎ ‘የሰቀለው ሌባ ነው’ እያሉ፣ እኔ ነኝ ልበል? ፈራሁ።”

ይህኛው እውነት ስለሆነ እንደ እውነት ተሰማ። ጋሽ ወልደአረጋይ ያወለቁትን ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ። እንዳላመኑት ጋሽ ቸሩ ገብቶታል፤ ነገር ግን ዕቃው ባለቤት አግኝቷል፣ ባለቤቱም አምኗል፣ መዝገቡ ተዘግቷል። ኮሚቴው ለአምስት ደቂቃ ተማከረና ወሰነ፦ ሰፈር ያሸበረ ሰው እዚህ አይቀመጥም፤ እስከ ማታ ዕቃውን አንሥቶ ማዶ ይሻገር። ማዶ ማለት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትጠብስበት፣ ከተደፈነው ቦይ አጠገብ ያለው አጥር ሥር ነው።

“ሌባስ አትመስለኝም” አለችው አዚዛ ስትሄድ። “ጫማዬን ግን ከእንግዲህ ሌላ ጋ አሰፋለሁ። እጁ ይንቀጠቀጣል ያልከው አንተው ነህ።”

ይህቺ ከኮሌታው መታነቅ ይልቅ አመመችው።

ማታ መብርሃቶም ወሬውን ከታክሲ ሳይወርድ ሰማና እየሮጠ ማዶ ተሻገረ። ጋሽ ቸሩ በአዲሱ ቦታ የጃንጥላውን እግር በድንጋይ እያስደገፈ ነበር።

“ሄጄ እነግራቸዋለሁ! ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጥክበትን ቦታ...”

“ቀስ በል፣ ሰው ያያል። ስንት ቀን ቀረህ?”

“ዘጠኝ።”

“እንግዲያው ዘጠኝ ቀን አፍህን ስፋው” አለ ጋሽ ቸሩ፣ ቀና ሳይል። “ካቃተህ እኔ እሰፋልሃለሁ።”