በሁዳዴ የወዛ ፊት

በእኛ አገር «ወዝተሃል» ማለት ምርቃት ነው። ከበሽታ ለዳነ፣ ሐሳብ ለቀለለው፣ ጠግቦ ለከረመ ሰው የሚባል ነው። በዓመት ኀምሳ አምስት ቀን ግን ቃሉ ይገለበጣል። በሁዳዴ «ወዝተሃል» የተባለ ሰው «ምን በላህ?» እንደተባለ ነው የሚሸማቀቀው። ሰው የሌላውን ሆድ ገልጦ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ፊቱን ያነባል። ማንበብ የሚችል የሚመስለው ደግሞ ከማይችለው ይልቅ ይሳሳታል።

ቄስ ገሠሠ ከቀየት ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬደው ዳገት ላይ ባለችው ማርያም ያገለግሉ ነበር። ገና አርባ ያልሞላቸው፣ ገብስ አራሽ፣ ነገራቸው ቁጥብ ሰው ነበሩ። ከእናታቸው የወረሱት ቆዳ ግን ቁጥብ አልነበረም። ጠዋት ታጥበውት ይወጣሉ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ግንባራቸውና አፍንጫቸው በቅቤ እንደታሸ ስልቻ ያበራል። የመንዝ ውርጭ የሁላችንን ጉንጭ አመድ ሲያስመስልና ሲሰነጥቅ፣ የእሳቸውን ፊት አይደፍረውም። ፋሲካ ሲሆን ያምርባቸዋል። ችግሩ ሌላ ጊዜ ነው።

ሃያ ሦስት ቤት የንስሐ ልጆች ነበሯቸው። ከሃያ ሦስቱ ትልቋ ጥሩሸዋ ናት። በዕድሜ ትንሽ ትበልጣቸዋለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሞፈሩንም ምላሷንም ራሷ የያዘች ሴት ናት። የጽዋ ማኅበሩ ሴቶች ምን ማለት እንዳለባቸው የሚያውቁት እሷ ከተናገረች በኋላ ነው። እሷ የነፍስ አባቷን ከቀየረች አሥራ አንድ ቤት ተከትሏት እንደሚሄድ ቄስ ገሠሠ ያውቃሉ። ልጆቹ ትተውት የሄዱ የነፍስ አባት ደግሞ ቅስናው በወረቀት ላይ ይቀራል እንጂ በሰው ልብ ውስጥ ያበቃለታል።

ነገሩ የተጀመረው ሁለት ሺህ ሊገባ ጥቂት ወራት በቀሩት ጊዜ፣ በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ነው። ጥሩሸዋ መስቀል ተሳለመችና ቀና ብላ አየቻቸው።

«አባቴ፣ የእኛ ተልባ ሆድ ነፍቶ ይቀራል፤ የእርስዎ ግን ፊት ድረስ ይወጣል መሰል።»

ሴቶቹ በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። እስከ ማታ ግን ቀልድነቱ አበቃ። ሚስታቸው ኮከቤ እንደነገረቻቸው ሁለት ጎረቤቶች ወንፊት ሊዋሱ መጥተው፣ ወንፊቱን ትተው ለፋሲካ ያጠራቀመችውን የቅቤ ቅል ሲያዩ ቆዩ። በዓይናቸው ሰፈሩት አለች። በሳምንቱ ደግሞ ተመልሰው መጡ፤ ቅቤው ጎድሎ እንደሆነ ለማየት መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፋቸውም እህላቸውም ጣዕም አጣ። እርሻ ላይ ሆነው እጃቸው ወደ ግንባራቸው ይሄዳል፤ ይዳብሳሉ፣ ጣታቸውን ያያሉ፣ በጋቢ ይፈትጋሉ። ሰው ሲመጣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። በልብስ ሳሙና በቀን አምስት ጊዜ መታጠብ ጀመሩ። እሱ አልሆን ሲል ኮከቤ ለጋቢ ማጠቢያ ያስቀመጠችውን እንዶድ ወቅጠው አረፋውን ፊታቸው ላይ ለቀለቁት። ጋቢ የሚያነጣ ፊት አያቅተውም ብለው ነው። ፊታቸው ተቃጠለ፣ ቀላ፣ ተላጠ። ሁለት ቀን ደረቀ። በሦስተኛው ቀን ወዙ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን የጤና ኤክስቴንሽኗ ሳሌም በየቤቱ ስትዞር ደረሰች። ከደብረ ብርሃን የመጣች ሃያ ዓመት የሆናት ልጅ ናት፤ የመጣችው የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ልታይ ነው። ጉድጓዱን ትታ የቄሱን ፊት አየች። ምን እንደነካቸው ጠየቀች። እሳቸው አፍረው ፊታቸውን አዞሩ፤ ኮከቤ ግን ሁሉንም ዘረገፈችላት።

«አባ፣» አለች ሳሌም፣ «ቆዳዎ ወዝ የሚያወጣው ራሱን ሊጠብቅ ነው። እርስዎ ባራቆቱት ቁጥር እሱ ይጨምራል። ከራስዎ ቆዳ ጋር እልህ ተጋብተዋል።»

መታጠቡ ጠዋትና ማታ ብቻ ይሁን አለቻቸው፤ ለብ ባለ ውሃ። ከመሐል ሜዳ ገበያ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና አመጣችላቸው። ሳሙናው በመዳፍ አረፋ ከሆነ በኋላ በቀስታ ይቀባል፤ አይፈተግም፤ በውሃ በደንብ ይለቀለቃል፤ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን ተደርጎ ይደርቃል። ቀን ላይ ካበራ በደረቅ መሐረብ መጫን ነው እንጂ ማሸት የለም። እጅ ከፊት ይራቅ። ጥምጣማቸውን ፈትታ ግንባር የሚነካውን እጥፋት አሳየቻቸው፤ ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል። ግንባራቸው ላይ የወጣው ሽፍታ ከዚህ ነው፣ በየሳምንቱ ይታጠብ አለች። ወዙ ጨርሶ ይጠፋል ብለው እንዳይጠብቁም ነገረቻቸው፤ በሽታ አይደለም፣ ረገብ ይላል፣ እሱም ከወር በላይ ይፈጃል።

አንድ ነገር ጠየቋት። የቀደሱ ቀን ሥጋ ወደሙ ተቀብለዋልና እስከ ማግስቱ ውሃ አይነኩም፤ ያን ጊዜስ? ሳሌም የዚያን ቀን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይለፍ አለች። ሥርዓታቸውን አልነካችባቸውም፤ በዚህ ወደዷት።

ያለችውን ሳያዛንፉ አደረጉ። መቅላቱ ጠፋ፣ ሽፍታው ከሰመ፣ ወዙም ዘግየት እያለ መምጣት ጀመረ። ቆዳ ግን የራሱ ቀን አቆጣጠር አለው፣ ሐሜት ደግሞ የራሱ፤ ሁለቱ አይገናኙም። ወሬው ቅቤ ከመብላት ተነሥቶ ጠቦት እስከ ማረድ ደረሰ። በአራተኛው ሳምንት ጥሩሸዋ ከወንዙ ማዶ ወዳለ ሌላ ካህን ሄዳ ስትነጋገር እንደዋለች ሰሙ።

የደብረ ዘይት እሑድ ተረኛ ቀዳሽ እሳቸው ነበሩ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የበሶ ዱቄት ካለበት ቅምጫና ቆንጠር አደረጉና ግንባራቸውንና ጉንጫቸውን ነሰነሱት። በሶ ደቃቅ ነው፣ ወዝ ይመጥጣል፣ መልኩም ከፊታቸው ብዙ አይርቅም። ኮከቤ በኩራዝ ብርሃን አይታ ይህ ደግሞ የማን ምክር ነው ብትላቸው ሳይመልሱ ወጡ።

በመቅደሱ ሙቀት ዱቄቱ ከወዙና ከላቡ ጋር ተለወሰ። ሊጥ ሆነ፤ ወርዶ ጢማቸው ላይ ደረቀ። እሳቸው አላወቁም። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ መስቀል ሊሳለም ሲሰለፍ ጥሩሸዋ ተሳለመች፤ ቀና አለች፤ ከመስመሩ አልወጣችም።

«አባቴ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ጢምዎ ላይ በሶ አለ።»

ከኋላዋ ያሉት ሰሙ። በሶ የጾም ምግብ ነው፤ ነገር ግን በቅዳሴ ጠዋት ጢሙ ላይ በሶ የተገኘበት ቄስ በልቶ ቀድሷል ማለት ነው። ይህ ከቅቤ ጋር አይወዳደርም፤ ክህነት የሚያስገፍፍ ነው። ቄስ ገሠሠ እጃቸውን ወደ ፊታቸው አነሡና መንገድ ላይ አቆሙት። ውሃ የማይነካበት ቀን ነው። የደረቀ ሊጥ ደግሞ በደረቅ ጨርቅ አይለቅም፤ እስከ ነገ ድረስ ፊታቸው ላይ ነው።

«አልበላሁም፤» አሉ፣ «ተቀብቼው ነው።»

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ቄስ ዱቄት ተቀባ ብሎ የሚያምን አልተገኘም።

«ጥሩሸዋ፣ ነገ ጠዋት ሽማግሌ ይዘሽ ቤቴ ነይ። ስታጠብ እዪ፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከፊቴ አትነሺ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽው ካህን ዘንድ ሂጂ።»

ሰኞ ጠዋት መጣች። ይዛን የሄደችው ሁለት ሽማግሌዎች ነበርን፤ የዚያን ዓመት ጡረታ ወጥቼ አገሬ ገብቼ ነበርና አንዱ እኔ ሆንኩ። ቄስ ገሠሠ ለብ ባለው ውሃ ፊታቸውን እንደተማሩት ታጠቡ፤ በንጹሕ ጨርቅ አደረቁ። ከበሩ ብርሃን ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፊታቸው የማናችንንም ፊት መሰለ።

አራት ሰዓት ሆነ፤ ምንም የለም። አምስት ሆነ። እሳቸው መቁነጥነጥ ጀመሩ፤ በርጩማው ላይ ይዞራሉ፣ እግራቸውን ይለዋውጣሉ። ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። የሳሌም ሳሙና ሥራውን ሠርቶ ነበር። ሁዳዴውን ሙሉ የሸሹትን ወዝ ያን ቀን እንዲመጣላቸው የሚለምኑ ሰው ሆነው ተቀምጠዋል። ካልመጣ ከመጀመሪያውም ቅቤ ነበር፣ የሚሸፍኑት ወዝ ከሌለ በሶውንም በልተውታል ይባላል። ሰውን ንጽሕናውን ለማስመስከር የገዛ ነውሩን ደጅ እንዲጠና የሚያደርገው ምን ዓይነት ፍርድ እንደሆነ እያሰብኩ ግንባራቸውን አየሁ፤ እኔም ከፈራጆቹ አንዱ ነበርኩ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥሩሸዋ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ልትነሣ ነው ብዬ ነበር። አልተነሣችም። ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል በአፍንጫቸው ጥግ አንዲት ቀጭን ብልጭታ ታየች። ቀስ ብላ ወደ ግንባር ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እህልም ውሃም ሳይቀምሱ ፊታቸው እንደ ድሮው አበራ።

«ምንም አልቀመሱም፤» አለች ጥሩሸዋ ለራሷ እንደምትናገር። ተንበረከከች። «ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

መስቀሉን አነሡና መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«አንቺ ያወራሽው ሐሰት ነው፤» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የተቀባሁት ዱቄትም ሐሰት ነው። የሚጾም ሰው ፊቱን ይታጠብ ተብለን ታዝዘናል፤ እኔ የጾምኩ ለመምሰል ነሰነስኩበት። በልቼ አልቀደስኩም፤ ዋሽቼ ግን ቀድሻለሁ።»

«እኔ የእርስዎን አልጠየቅሁም፤» አለች ጥሩሸዋ አንገቷን እንደደፋች። «የራሴን ነው የምለምን። ሌላ የሚፈታኝ አባት የለኝም።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት።

አራት ቤት ቀድሞ ሄዶ ነበር፤ አልተመለሰም። እሷና የቀሩት ግን ከእሳቸው ጋር ቆዩ። ጥሩሸዋ ስትወጣ ኮከቤ ቂጣና ሽሮ አቀረበች፤ ሰዓቱ ደርሷል። ቄስ ገሠሠ አልቀረቡም። የራሳቸው የነፍስ አባት ቀየት ነው ያሉት። በትራቸውን አንሥተው፣ እኛንም እንኳ ሳይሰናበቱ፣ በዚያ በሚያበራው ፊታቸው ቁልቁለቱን ጀመሩት።