ከግራ በኩል የሚመጣ ኳስ

ባለቤቴ በረኛ ነው። ከጦርነቱ በፊት፣ የከተማችን ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት፣ ከሰፈራችን ከሓድነት ተነስቶ መሀል ከተማ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር፤ ታክሲ አጥቶ ሳይሆን፣ ሰላም የሚለውና ሻይ ካልጠጣህ ብሎ የሚይዘው ሰው በዝቶ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ሊጉ ያለ እኛ ቀጠለ። እሱም ጓንቱን አጥቦ አልጋ ሥር አስቀመጠው። ክለቡ ወደ ሊጉ ሊመለስ ነው ሲባል ዕድሜው ሠላሳን አልፎ ነበር፤ ያን ቀን ጓንቱን አውጥቶ ደጅ ላይ አቧራውን አራገፈ።

እኔ አባቴ ጨርቅ ሊነግድ ከወሎ ሲመጣ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ መቐለ የገባሁ ነኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ከባለቤቴ ጋር አማርኛውን ከትግርኛው ቀላቅለን እናወራለን፤ እናቱን ግን እንደ እሱ «አደይ» ነው የምላቸው፣ እናቴ ለማለት። አደይ የሚኖሩት ከእኛና ከትንሿ ሴት ልጃችን ጋር ነው። ታላቁን ልጃቸውን በጦርነቱ አጥተዋል። የቀራቸው ወንድ ልጅ ባለቤቴ ብቻ ነው።

ስለ ዐይኑ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ቀን ጠዋት ከሰፈራችን ጀርባ ፍንዳታ ሲሰማ መስኮት አጠገብ ቆሞ ነበርና የመስታወት ስባሪ ግራ ዐይኑን መታው። ሐኪም ቤት ያኔ መድኃኒት የሚባል ነገር አልነበረም፤ አጥበው በፋሻ አሰሩለት። ፋሻው ሲፈታ ለሚያየው ሰው ደኅና ዐይን ነበር፤ ጥቁሩ ላይ ካለች ትንሽ ነጭ ነጥብ በቀር ምንም የለበትም። ለአደይ ድኗል አላቸው። ለእኔ ግን በግራ በኩል የሚታየው ጭጋግ ብቻ እንደሆነ ነገረኝና ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።

ክለቡ ተጫዋቾቹን ሲያስመረምር እንዴት እንዳለፈ ራሱ ነው እየሳቀ ያወራልኝ። አንድ ዐይንህን ሸፍነህ አንብብ ሲሉት ግራውን በግራ እጁ ሸፈነ፤ አሁን ደግሞ ሌላውን ሲሉት ያንኑ ግራውን በቀኝ እጁ ሸፈነ። ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ ነበርና ልብ አላለም። እኔ አልሳቅኩም። ተው፣ ደኅናውንም ዐይንህን ታጣዋለህ አልኩት። ኳስ የሚመታው በእግር ነው፣ ዐይኔን ማን ይነካዋል ብሎ ሊያቀልብኝ ሞከረ። ፊቴን ሲያየው ቀልዱን ተወና እነዚህን የጠፉትን ዓመታት አንድ የውድድር ዓመት ብቻ ተጫውቼ ካላካካስኳቸው አልድንም አለኝ።

አሁን የሊጉ ጨዋታ የሚካሄደው ቡድኖቹ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ነው። ስለዚህ ክረምቱ እንዳለቀ ሻንጣውን ይዞ ወደ ደቡብ ሄደ፤ እኛ እዚህ በስልክ ቀረን። መጀመሪያ አካባቢ ጨዋታዎቹ ቀን ላይ ነበሩና ብርሃኑ ረዳው። ፋብሪካው ውስጥ ረፍት ላይ ስልኬን ማሽኑ ሥር ደብቄ አያለሁ። ጓደኞቼ ግብ እንዳይገባበት የምፈራ ይመስላቸው ነበር። እኔ የምፈራው ጉልበት ነበር፣ ክርን ነበር። ከግራ በኩል ኳስ ሲሻማ ራሱን ሙሉ በሙሉ አዙሮ ይጠብቃል፤ አዙሮ እስኪጨርስ አጥቂዎቹ ላዩ ላይ ይደርሳሉ። እሱ ግር ብለው ከወደቁት መሀል ተነስቶ ቁምጣውን ሲያራግፍ እስካይ ድረስ ዐይኔን ከስልኩ አልነቅልም። ማታ ሲደውል መጀመሪያ የምጠይቀው ዐይኑን ነው። «ተይው እስቲ፣ ስለ ልጄ አውሪኝ» ይለኛል።

አደይ ጨዋታ አያዩም። ከቤታችን ጀርባ የባለቤቴ አብሮ አደግ ኳስ የሚያሳይበት ቤት አለ። የጨዋታ ሰዓት ሲደርስ አደይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጡና የሰዉን ጩኸት ያዳምጣሉ። ሲያበቃ ማን አሸነፈ ብለው አይጠይቁኝም። «ወድቆ ነበር?» ነው የሚሉኝ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

የውድድር ዓመቱ ሲጋመስ ቡድኑ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ገባ። ጨዋታዎቹም ወደ ምሽት ዞሩ፣ በመብራት። በደወለ ቁጥር መብራቱ ጭጋጉን እንደሚያወፍረው ይነግረኝ ነበር። ከእኛ እኩል ለመውረድ ከሚንገዳገድ ቡድን ጋር በተጫወቱበት ምሽት ሁለት ግብ ገባበት፤ ሁለቱም በግራው በኩል። ሁለተኛው ኃይል እንኳን አልነበረውም። ኳሱ እየተንከባለለ አጠገቡ ሲያልፍ ቆሞ ሸኘው። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ ይሄን ለማመን ይከብዳል አለ። እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ኳሱን አላየውም።

በማግስቱ ጠዋት የፋብሪካው ሰርቪስ ላይ ስወጣ ወሬው ተቋረጠ። ሴቶቹ መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመሩ። ማሽን የምትጋራኝ ልጅ ናት ከተማው ምን እያለ እንደሆነ በጆሮዬ የነገረችኝ፤ በረኛው ጨዋታውን ሸጦታል እየተባለ ነበር። ቃሉን መጀመሪያ የተናገረው ኳስ የሚያሳየው አብሮ አደጉ እንደሆነም ሰማሁ። ማታ ስመለስ በራችን ላይ በከሰል «ሸያጢ» ተብሎ ተጽፏል፤ በትግርኛ ሻጭ ማለት ነው። አደይ ማንበብ አይችሉም። ምንድን ነው ሲሉኝ የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ በጨርቅ ፈገፈግኩት።

ከልጄ ግን ማምለጥ አልቻልኩም። ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ «እማ፣ አባባ ምን ሸጦ ነው?» አለችኝ።

የሚቀጥለውንም ጨዋታ ተሸነፉ። ፊሽካው ተነፍቶ ብዙም ሳይቆይ ጣሪያችን ላይ ድንጋይ ወረደ፤ አንድ፣ ከዚያ ደርበው ሌላ። ቆርቆሮው ሲጮህ ልጄ ጠረጴዛ ሥር ገባች። በጦርነቱ ጊዜ ያስተማርኳት እኔው ነበርኩ። አደይ መብራቱን አጥፊው አሉኝ። በጨለማ ሦስታችንም ተያይዘን ቁጭ ብለን፣ ከውጭ የሚሮጡ እግሮችና ሳቅ እየሰማን፣ በሩ የሚገፋ ይመስለኝ ነበር። የጎረቤት ሰው መሆናቸው ነበር የባሰብኝ። ድምፃቸውን ለይቼ ላውቀው እችል ነበር፤ ላለማወቅ ጆሮዬን ያዝኩ።

ያን ምሽት ደወልኩለትና እውነቱን ልናገር ነው አልኩት።

«ከተናገርሽ ጨረስሽኝ» አለ።

«ሌባ ሲሉህ ይሻላል?»

«ይሻላል። ሌባ ያሉት ይጫወታል። አያይም ያሉትን ግን ማን በር ላይ ያቆመዋል?»

ስለ ድንጋዩ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እንዲያው ራሱን እንዲጠብቅ ብቻ ለመንኩት። ስልኩን ስዘጋ አደይ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ትግርኛውን ከአማርኛ ቀላቅዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስባሪውን፣ ጭጋጉን፣ ሐኪሙን ያታለለበትን። ይጮኻሉ፣ ፊታቸውን ይነጫሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው አጠገቤ ተቀመጡና፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ሻይ ሳቀብለው እኮ ብርጭቆውን አልፎ ነው አየሩን የሚይዘው» አሉኝ። «ፋሻውን ከፈታ ጀምሮ አውቃለሁ። አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ እየቆረስን፣ ሁለታችንም አንዱን ፍርሃት ተደባብቀን ስንፈራ ከርመናል። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ አደይ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «ስሙን ሰው እንደፈለገ ያጉድፈው፣ አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ሌላውን በእጅ እየመራሁ መኖር አልችልም» አሉኝ። የአሰልጣኙ ስልክ አለሽ ወይ ሲሉኝ አለኝ አልኳቸው፤ ባለቤቴ ክፉ ነገር ቢያጋጥም ብሎ ትቶልኝ ነበር።

ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። አሰልጣኙ ሳያቋርጥ ሰማኝ። ስጨርስ፣ «እህቴ» አለኝ። «እኔም ሸጠን ብዬ ነበር።» አመስግኖ ዘጋው።

በሚቀጥለው ጨዋታ በሩ ላይ የቆመው ተጠባባቂው በረኛ ነበር። በዚያው ቀን በሬዲዮ ዋናው በረኛ በዐይን ጉዳት ከቡድኑ ውጭ ሆኗል ተባለ። በበራችን ላይ የሚጽፍ ጠፋ፤ ሰርቪስ ላይም ሴቶቹ ቦታ ይለቁልኝ ጀመር። እኔን ግን አዲስ ፍርሃት ያዘኝ። የባለቤቴ ስልክ ጠዋትም ማታም ዝግ ነው። አሰልጣኙ ሆቴሉን ለቆ እንደወጣ ነገረኝ፤ ወዴት እንደሄደ አያውቅም። በእያንዳንዱ መኪና ድምፅ እነሳለሁ። ክፉ ክፉው ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ለመጻፍ አሁንም አልደፍርም።

በመጨረሻ በአውቶቡስ መጣ። ፂሙ አድጎ፣ ሻንጣውን በሩ ላይ ጥሎ ልጁን አቀፈ፣ የእናቱን ጉልበት ሳመ። እኔን አላየኝም። ሌሊቱን አደይ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ አደረ፤ ከዚያ በኋላም እንደዚያው። ምግቡን ሳቀርብለት ይበላል። የምለውን ይሰማል፤ መልስ ግን የለም። አንድ ቀን አደይ «ልጄ፣ እኔ ነኝ ደውይ ያልኳት» ቢሉት «አውቃለሁ» አለና ተነስቶ ወጣ።

የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ ቀን፣ ቡድኑ አቻ ከወጣ ይተርፋል፣ ከተሸነፈ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ አብሮ አደጉ በራችንን አንኳኳ። ስከፍትለት ዐይኔን ማየት አልቻለም። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ከኋላዬ የቆመውን ባለቤቴን «ና ሓወይ፣ ና ወንድሜ፣ ያለ አንተ ማየት አልቻልንም» አለው። ባለቤቴ ነጠላ ጫማውን ብቻ አድርጎ ተከተለው።

እኔና አደይ ግቢው ውስጥ ቀረን። ጩኸት ሲመጣ እንነሳለን፣ ሲቆም እንቀመጣለን። ከሰዉ ሁሉ በላይ የእሱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ተጠባባቂውን በረኛ ውጣ፣ ግባ፣ ቀኙን ዝጋ እያለ ያዘዋል፣ ቴሌቪዥኑ የሚሰማው ይመስል። ወደ መጨረሻው ዝም አለ። ያ ዝምታ ከድንጋዩ የባሰ አስፈራኝ። ከዚያ ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ አቻ ወጥተው ተረፉ። ሲመለስ ድምፁ ተዘግቶ ነበር፤ አብሮ አደጉ በባለቤቴ ትከሻ ላይ ተደግፎ ያለቅስ እንደነበር በኋላ ነው ከሰው የሰማሁት።

በሳምንቱ አብሬው ሐኪም ቤት ሄድኩ። የዐይን ሐኪሙ የግራው ዐይን ከውስጥ ስለተጎዳ እንደማይመለስ፣ የቀኙ ግን ጤነኛ እንደሆነ ነገረን። ባለቤቴ የውድድር ዓመቱን መጨረስ እችል ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው።

ሐኪሙ፣ «ልትችል ትችል ነበር» አለ። «ደኅናውን አንድ ጉልበት ካገኘው ግን፣ ከእናትህ ፊት ጋር ተሰነባበት።»

እሱ የሐኪሙን የመጀመሪያ ቃል፣ እኔ ሁለተኛውን ይዘን ነበር ወደ ቤት የምንሄደው። አሁንም የተስማማንበት አይመስለኝም። ዛሬ ዓዲ ሓቂ ሜዳ ላይ ታዳጊ በረኞችን ያሰለጥናል፤ ሲስቅ የምሰማው እዚያ ነው።

ከሐኪም ቤት በተመለስንበት ቀን ማታ ግን የታዘዘለትን የዐይን ጠብታ ብቻውን ማድረግ አቃተው። አንድ ሁለቴ ጉንጩ ላይ አፈሰሰውና ጠርሙሱን ይዞ እኔ ወዳለሁበት መጣ። ራሱን ጭኔ ላይ አሳረፈ። ጠብታውን ይዤ ጎንበስ ስል፣ «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አለኝ።

«ፈርቼ ነው።»

«አሁን ደግሞ የምትፈሪው ምን ቀረሽ?»

ሽፋሽፍቱን በጣቴ ከፈትኩና ጠብታውን አደረግኩለት። ዐይኑን ጨፈነ፤ ራሱን ግን አላነሳም።